የማይገምተው ተማሪ

ይህችን ጽሑፍ የማቀርብላችሁ ከካንጋተን ነው። ካንጋተን በደቡብ ኦሞ፣ በኦሞ ወንዝ ዳር የምትገኝ የኛንጋቶም ወረዳ መቀመጫ ናት። አገሩ ቆላ ነው። የሕዝቡም ኑሮ በከብት፣ በፍየልና በወንዙ ዳርቻ በሚዘራ ማሽላ ላይ የቆመ ነው። ከእንዲህ ያለ ስፍራ ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ይመስላችሁ ይሆናል። «መጀመሪያ መብራቱና ኔትወርኩ ይምጣ፤ ፕሮግራሙ በኋላ ይደረስበታል» የሚል ሰውም አይጠፋም። የእኔ ሐሳብ ግን ከዚህ ይለያል። ኔትወርክ በሌለበት፣ መብራት ከሶላር በቁጠባ በሚገኝበት ቤት ውስጥ ልጅ ከወላጆቹ ጋር ሊማረው የሚችል የኮምፒውተር ትምህርት አለ። ስሙ ቤዚክ ይባላል። ዕድሜውም ከብዙዎቻችን ይበልጣል።

ትምህርቱ ለልጆች ብቻ ነው ብላችሁ ገጹን አትለፉት። ባልና ሚስትም ከዚህ አሮጌ ትምህርት ስለ አነጋገራቸው የሚያገኙት ቁም ነገር አለ።

የሚበላና የሚጋግር

ስልክ ዛሬ ከከተማ አልፎ ገጠር ገብቷል። ልጆቻችን ፊልም ያዩበታል፣ መዝሙር ያዳምጡበታል፣ ጨዋታ ይጫወቱበታል። ይህ ሁሉ ሌላ ሰው ያዘጋጀውን መመገብ ነው። እንጀራ መብላት ነውር የለበትም። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲበላ የኖረ ሰው ሊጥ እንዴት እንደሚቦካ፣ ምጣድ እንዴት እንደሚሟሽ ካላወቀ ጋጋሪዋ በሌለች ቀን ይቸገራል። ከዚያም የሚብሰው፣ መጋገር የሌሎች ዕጣ እንጂ የእርሱ አይደለም ብሎ ማሰቡ ነው።

ከዋና ከተማ ርቀው የሚያድጉ ልጆች ላይ የማየው አደጋ ይኸው ነው። ኮምፒውተርን ሩቅ አገር ያሉ አዋቂዎች የሚሠሩት፣ እኛ ደግሞ የምንቀበለው ነገር አድርገው ያስቡታል። ፕሮግራም መማር ይህን ግድግዳ ያፈርሳል። ሁሉም ልጅ የኮምፒውተር ባለሙያ ይሁን አልልም። በዳቦና በእንጀራ የተሞላ ቤት ውስጥ እንኳ ልጅ አንድ ቀን እጁን ሊጥ ውስጥ ሊያስገባ ይገባዋል ማለቴ ነው።

ቤዚክ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 1964 ከሌሊቱ ማብቂያ ላይ፣ በአሜሪካ በዳርትማውዝ ኮሌጅ የመጀመሪያው የቤዚክ ፕሮግራም ሠራ። ቋንቋውን ያዘጋጁት ጆን ኬሜኒ እና ቶማስ ከርትዝ የተባሉ ሁለት የሒሳብ መምህራን ነበሩ። ኬሜኒ እ.ኤ.አ. በ1926 በቡዳፔስት የተወለዱ አይሁዳዊ ሲሆኑ፣ ቤተሰባቸው በ1940 ከናዚዎች አደጋ ሸሽቶ አሜሪካ የገባ ስደተኛ ነበር። በ1992 አርፈዋል። ከርትዝ ደግሞ ረጅም ዕድሜ ኖረው በ2024 ዐረፉ።

በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ውድና ግዙፍ ዕቃ ነበር። ደፍረው የሚቀርቡትም የሒሳብና የሳይንስ ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሁለቱ መምህራን ታሪክና ሥነ ጽሑፍ የሚያጠና ተማሪም ኮምፒውተርን ማዘዝ አለበት ብለው ተነሡ። ስለዚህ የቋንቋቸውን ትእዛዞች ከተራ የእንግሊዝኛ ቃላት መረጡ። ጻፍ፣ ተቀበል፣ ሂድ፣ ከሆነ፣ እንደ ማለት ነው። «ቤዚክ» የሚለው ስም ራሱ ለጀማሪዎች የተዘጋጀ መሆኑን ከሚናገሩ ቃላት የተውጣጣ ነው።

ከ1970ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ኮምፒውተር ወደ ቤት ገባ። ከእነዚህም መካከል እጅግ የታወቀው በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 ነው። ሲወጣ ዋጋው 595 ዶላር ነበር። ከቤት ቴሌቪዥን ጋር ይገናኛል፤ የተሠራው ፕሮግራም በተራ የቴፕ ካሴት ይቀመጣል። ማስታወሻው 64 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ዛሬ በስልካችሁ የምታነሷት አንዲት ፎቶ ከዚህ ብዙ እጥፍ ትበልጣለች።

ማሽኑ ሲበራ በሰማያዊ ገጽ ላይ ለቤዚክ 38,911 ባይት ነፃ ቦታ እንዳለ ይናገራል። ቀጥሎ «ሬዲ»፣ ማለትም «ተዘጋጅቻለሁ» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ዝም ነው። ፊልም አያቀርብም፣ ጨዋታ አይጋብዝም። ልጁ አንድ ነገር እስኪነግረው ይጠብቃል። የዛሬው ስልክ ገና ሲከፈት «ይህን እይ፣ ያን ንካ» ይላል። ያ አሮጌ ማሽን ግን «አንተ ምን ትላለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ያህል ነበር። በእንግሊዝም ቢቢሲ በ1982 በቴሌቪዥን ስለ ኮምፒውተር ማስተማር ሲጀምር፣ ቢቢሲ ማይክሮ የተባለው ማሽን አብሮ ቀርቦ ብዙ ትምህርት ቤቶች ገባ።

በአገራችን የታየው

«ይህ የባዕድ አገር ታሪክ ነው፤ እኛን ምን አገናኘን?» ትሉ ይሆናል። የኢትዮጵያ ልጆችም በዚህ መንገድ ተሞክረዋል። በ2000ዎቹ ማብቂያ (እ.ኤ.አ.) «ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» በሚል ዓላማ የተዘጋጁ ትንንሽ ነጭና አረንጓዴ ላፕቶፖች በሺዎች ተቆጥረው ወደ አገራችን ትምህርት ቤቶች ገቡ። በውስጣቸው ልጅ ትእዛዝ እየሰጠ ሥዕል የሚያሠራበት የፕሮግራም መማሪያ ነበር።

በ2012 ደግሞ ያው ድርጅት በኦሮሚያ፣ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ለሚኖሩ ማንበብ ለማያውቁ ልጆች በሶላር የሚሞሉ ታብሌቶችን ሰጠ። ታብሌቶቹ በታሸገ ካርቶን ውስጥ እንዳሉ ያለ አስተማሪ ተቀመጡ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደተናገሩት፣ አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በ5 ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 ፕሮግራሞችን ይከፍት ነበር። በ2 ሳምንት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደላትን እየዘመሩ ነበር። በ5 ወር ውስጥም ካሜራው እንዳይሠራ የተዘጋበትን አልፈው አስነሡት።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው፣ ከከተማ የራቀ ልጅ አእምሮው ሩቅ አለመሆኑን ነው። ነገር ግን ጉጉት ካርቶኑን ይከፍታል እንጂ ልጁን እስከ መጨረሻ አያደርሰውም። አጠገቡ ቁጭ ብሎ «ይህን ለምን እንዲህ አደረግኸው?» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል።

በጁላይ 2024 በአገራችን 5 ሚሊዮን ሰዎችን ፕሮግራም ለማስተማር ያለመ ነፃ የኢንተርኔት ሥልጠና መጀመሩን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። መልካም ዕድል ነው፤ ግን ኢንተርኔት ይጠይቃል። ቤዚክ ኢንተርኔት ለሌለው ቤት፣ ወደዚያ ከፍታ ለመውጣት የሚያገለግል የመጀመሪያ ደረጃ ሊሆን ይችላል።

ወጠጤውን ያስወለደው ማሽን

በቤታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ልጆች ይሰበሰባሉ። ያለን አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ ባትሪው በሶላር ይሞላል። ውስጡ እንደ ጥንቱ ማሽን ቤዚክን የሚያሠራ ነፃ ፕሮግራም አለ። ትእዛዞቹን እዚህ በድምፃቸው በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ፤ በማሽኑ ላይ ግን ሁሉም በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፋሉ። የመጀመሪያው ትምህርት ሁለት መስመር ነው፦

10 ፕሪንት "ሰላም ካንጋተን"
20 ጎቱ 10

«ፕሪንት» ማለት ጻፍ፣ «ጎቱ 10» ማለት ወደ መስመር 10 ተመለስ ማለት ነው። «ረን» (ሥራ) ብለው ሲያዝዙት ገጹ ከላይ እስከ ታች በሰላምታ ይሞላል። ማቋረጫውን ቁልፍ እስኪነኩት ድረስም አያቆምም። ልጆች በዚህ ሲስቁ ብታዩ! አንድ ልጅ ያዘዘው ነገር ሳይደክምና ሳያጉረመርም ሲፈጸም ያየው ምናልባት የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ፍየል ነበር። «እያንዳንዷ ፍየል አንድ ግልገል ብትወልድ ስንት ይሆናሉ?» የሚለውን ማሽኑ እንዲያሰላ ልጆቹ እንዲህ ጻፉ፦

10 ኢንፑት "ስንት ፍየል አለ"፣ ፍ
20 ፕሪንት ፍ + ፍ

«ኢንፑት» ማሽኑ ጠይቆ መልስ የሚቀበልበት ትእዛዝ ነው። የተሰጠውን ቁጥር «ፍ» በሚል ስም ያስቀምጠዋል። 9 ብለው ሲሰጡት 18 አለ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ከኋላ የቆመች አንዲት ልጅ ግን ሳቀችና «ቲቸር፣ ማሽኑ ወጠጤውንም አስወለደው!» አለች። ከዘጠኙ አንዱ ወጠጤ ነበርና። ማሽኑ ስለ ፍየል ምንም አያውቅም። ከብት ጠባቂዎች ቤት ያደገችው ልጅ ግን ታውቃለች። እርስ በርሳቸው ተከራክረው እንዲህ አስተካከሉት፦

10 ኢንፑት "ስንት እናት ፍየል"፣ እ
20 ኢንፑት "ስንት ወጠጤ"፣ ወ
30 ፕሪንት እ + ወ + እ

8 እና 1 ብለው ሰጡት፤ 17 አለ። ቀጥሎ ሌላው ልጅ «መንታ የወለደችስ?» አለ። በመስመሮቹ መካከል ቁጥሩ በ10 የሚዘለው ለዚህ ነው። 25 ብሎ አዲስ ጥያቄ በመካከል ማስገባት ይቻላል። ሌላው ደግሞ «የሞተ ግልገልስ?» አለ። በዚያች ከሰዓት በኋላ በጓሮው የሚያውቀውን ነገር ወደ ማሽኑ ያላመጣ ልጅ አልነበረም።

ወላጆች ሆይ፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ልጁ ተማሪ ሆኖ ይመጣል፤ ማሽኑ ፊት ሲቀመጥ ግን አስተማሪ ይሆናል። ተማሪው ደግሞ ትጉ ነው፣ ታዛዥ ነው፣ ነገር ግን ፈጽሞ አይገምትም። ያልተነገረውን አያደርግም። የተነገረውን፣ ስሕተትም ቢሆን፣ ያደርገዋል። እንዲህ ያለውን ተማሪ የሚያስተምር ሰው ራሱ አጥርቶ ማሰብ ግድ ይለዋል።

ስሕተትን ያለ ውርደት

ቤዚክ ያልገባው ትእዛዝ ሲያገኝ «ሲንታክስ ኤረር» ይላል። የአጻጻፍ ስሕተት አለ ማለት ነው። ስሕተቱ ያለበትንም መስመር ቁጥር ይናገራል። አይሳደብም፣ አይስቅም፣ የትናንቱን ስሕተት አያስታውስም። መስመሩ ከተስተካከለ ነገሩ አለቀ።

ብዙ ልጆች በክፍል ውስጥ እጃቸውን የማያወጡት መልሱን ስለማያውቁ ብቻ አይደለም። ሲሳሳቱ የሚደርስባቸውን ሳቅ ስለሚፈሩ ነው። ይህ ማሽን ግን ስሕተትን የሥራ ክፍል ያደርገዋል። ልጁ ይጽፋል፣ ይሳሳታል፣ መስመሩን ያያል፣ ያርማል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሃያ ጊዜ ቢሳሳት ማንም አይቆጥርበትም።

ደግሞ ሌላ ዓይነት ስሕተት አለ። ወጠጤው ሲወልድ ማሽኑ ምንም ቅሬታ አላሰማም። አጻጻፉ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ሐሳቡ ነው። እንዲህ ያለውን ማሽን አያገኘውም። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ነው የሚያገኘው። ልጆቻችን ማሽን የሰጣቸውን መልስ ሁሉ አምነው በሚቀበሉበት በዚህ ዘመን፣ «18 ብሏል፤ ግን እውነት ነው?» ብላ የምትጠይቅ ልጅ ማሳደግ ትልቅ ነገር ነው።

ለባልና ለሚስት

እስቲ አሁን ልጆቹ ይተኙና ሁለታችሁ ብቻችሁን እንነጋገር። በትዳር ውስጥ ከሚነሡ ጭቅጭቆች ስንቱ «ነግሬሃለሁ» እና «አልነገርሽኝም» በሚሉት መካከል ይወድቃል? ሚስት «ቶሎ ና» ትላለች። እርሷ ለእራት ማለቷ ነው፤ እርሱ ከስብሰባው በኋላ ማለቷ ይመስለዋል። ሁለቱም አልዋሹም። የተነገረውና የታሰበው ግን አንድ አልነበሩም።

እንዲህ ዓይነት ጨዋታ ሞክሩ። አንዳችሁ ማሽን ሁኑ፤ ሌላችሁ ደግሞ ቡና አፈላልን በትእዛዝ ንገሩ። ማሽን የሆነው የተነገረውን ብቻ ያድርግ። «ውኃ ጨምር» ሲባል «ምን ውስጥ?» ሳይል ወለሉ ላይ ሊያፈስ ይዘጋጅ። «ጀበናውን ጣድ» ሲባል እሳት ባልተያያዘበት ምድጃ ላይ ይጣድ። ትስቃላችሁ። ከሳቁ በኋላ ግን ስንት ነገር ሳትነጋገሩ «ያውቀዋል» እያላችሁ እንደምታልፉ ይታያችኋል።

በእርግጥ የትዳር ጓደኛ ማሽን አይደለም። ፍቅር ያልተነገረውን ይገምታል፤ ድካምን ከፊት ያነባል። ይህ መልካም ስጦታ ነው። ነገር ግን ግምት የንግግርን ቦታ ሲወስድ ቅሬታ ይጠራቀማል።

ከማሽኑ አወቃቀስም እንማር። «በመስመር 20 ላይ ስሕተት አለ» ይላል እንጂ «አንተ ሁልጊዜ እንዲህ ነህ» አይልም። «ትናንት ማታ ልጁ ሲያለቅስ አልተነሣህም» የሚለው ቃል መስመሩን ያሳያል፤ ሊታረምም ይችላል። «አንተ ስለ ልጆችህ ግድ የለህም» የሚለው ግን ሰውዬውን በሙሉ ይሰርዛል። ልጅንም ስትገሥጹ መስመሩን ንገሩት። ሙሉ ፕሮግራሙን አትሰርዙ።

መብራት በሌለበት ቀን

ባትሪው ባለቀ ቀን ትምህርቱ አይቋረጥም። አሸዋ ላይ ወይም ደብተር ላይ ወደ ጎን 8፣ ወደ ታች 8 ክፍል ያለው ሠንጠረዥ ሥሩ። ከላይ ከግራ ጀምራችሁ በየዓምዱ 128፣ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 ብላችሁ ጻፉ። አሁን «በ» የሚለውን ፊደል ክፍሎቹን እየሞላችሁ ሣሉ። በላይኛው ረድፍ ከ64 እስከ 2 ያሉትን ስድስት ክፍሎች ሙሉ፤ ድምራቸው 126 ነው። በሚቀጥሉት ስድስት ረድፎች ሁለቱን እግሮች ብቻ፣ 64ንና 2ን ሙሉ፤ እያንዳንዱ ረድፍ 66 ይሆናል። የመጨረሻው ረድፍ ባዶ ነው፤ 0።

እንግዲህ «በ» ለማሽኑ 126፣ 66፣ 66፣ 66፣ 66፣ 66፣ 66፣ 0 ሆነች። ኮሞዶር 64 እያንዳንዱን ፊደል ያስቀምጥ የነበረው ልክ እንዲህ በ8 ቁጥር ነው። ባለቤቱ የራሱን ፊደል ቀርጾ እንዲተካበትም ይፈቅድ ነበር። አንዱ ልጅ ቁጥሮቹን ብቻ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ሌላው ሳያይ ይሣል። ፊደሉ በትክክል ከወጣ መልእክቱ ደርሷል።

የግእዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች በየራሳቸው መንገድ ፊደላችንን በኮምፒውተር ላይ ሲያስጽፉ ኖረዋል፤ የአንዱ ሥራ በሌላው ማሽን ላይ ላይነበብ ይችል ነበር። ዛሬ በስልካችን በአማርኛ የምንጻጻፈው ሰዎች እንዲህ ፊደል በፊደል ስለ ደከሙበት ነው። ልጆቻችን ይህን ይወቁ።

እንዴት እንጀምር?

አሮጌ ማሽን ፍለጋ ገንዘብ አታባክኑ። ኮሞዶር 64 ዛሬ የሰብሳቢዎች ዕቃ ነው። ማንኛውም አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል። ፒሲ ቤዚክ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ኢንተርኔት ባለበት ከተማ በፍላሽ አስጭናችሁ አምጡ። ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ለስልክም የተዘጋጁ የቤዚክ ፕሮግራሞች አሉ።

በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት ይበቃል። ሁለት ልጆች በአንድ ኪቦርድ ይቀመጡ፤ አንዱ ይጻፍ፣ ሌላው ያንብብ፤ ከዚያ ይለዋወጡ። ሴቶች ልጆች ከኋላ ቆመው ተመልካች ብቻ እንዳይሆኑ ተራቸውን ጠብቁላቸው። የምትሠሩትን ከቤታችሁ ሕይወት ውሰዱ። የዕቁብ ስሌት፣ የማሽላ ጆንያ ብዛት፣ የማባዣ ሰንጠረዥ ሁሉ ጥሩ ፕሮግራም ይወጣቸዋል። እናንተም አብራችሁ ተማሩ። አባት «እኔም አላውቀውም፤ አብረን እንየው» ሲል ክብሩ አይቀንስም።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ቤዚክ የመጨረሻ ማረፊያ አይደለም። ዳይክስትራ የተባሉት ታዋቂ የኮምፒውተር ሊቅ በ1975 ቤዚክ የተማሪን አስተሳሰብ ያበላሻል ብለው በብርቱ ነቅፈውታል። እውነትም «ጎቱ» የበዛበት ረጅም ፕሮግራም እንደ ተወሳሰበ ክር ይሆናል። ስለዚህ ልጁ ሃምሳ መስመር ያህል መጻፍ ሲለምድ እንደ ፓይተን ወዳለ የዛሬ ቋንቋ ይሻገር። መዋኘት የሚለማመድ ሰው ጥልቁ ውስጥ አይጀምርም፤ ዳር ላይም አይቀርም።

ለቤተሰብ መወያያ

1. ልጃችን በዚህ ሳምንት በስልክ ከተመለከተው ሌላ በገዛ እጁ የሠራው ምን አለ?

2. ልጃችን ሲሳሳት የምንናገረው ስሕተቱን ነው ወይስ ልጁን?

3. ባለፈው ሳምንት ከተጋጨንበት ጉዳይ ውስጥ በግልጽ ሳንነጋገር በግምት ያለፍነው የትኛው ነው?

4. ቤተሰባችን ጠንቅቆ የሚያውቀው፣ ለማሽን ልናስተምረው የምንችለው ነገር ምንድን ነው?

ውድ አንባቢያን፣ አራተኛውን ጥያቄ ችላ አትበሉት። እያንዳንዱ ቤት የሚያውቀው ነገር አለው፤ እረኛው ፍየሉን፣ ነጋዴዋ ሒሳቧን፣ ገበሬው ዝናቡን። ከዚያ ጀምሩ። የመጀመሪያው መስመር ቁጥር 10 ነው፤ ሌላው በመካከል ይገባል። ሰላም ለቤታችሁ።